ተኩላውንስ ማን ፈጠረው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከሁለት ሳምንት በፊት ከቅዳሴ በኋላ በሕፃናት ክፍል ስለ መልካሙ እረኛ እናስተምር ነበር። ምንባቡ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው። ስለ እረኛው ተናገርን፤ ስለ በጎቹ ተናገርን፤ ተኩላ ሲመጣ ትቶ ስለሚሸሸው ምንደኛም ተናገርን። በዚህ መካከል እዚሁ በስደት ምድር የተወለደች የሰባት ዓመት ልጅ እጇን አወጣችና «ተኩላውንስ ማን ፈጠረው?» ብላ ጠየቀችን። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ የእኛን መልስ አልጠበቀም፤ «ሰይጣን ነዋ!» አላት።

ሕፃናቱ ሳቁ። እኛም ሰዓቱ አልቆ ስለነበር «አይደለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንነግራችኋለን» ብለን አሰናበትናቸው። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ራሳችን የሰቀልነውን ሥዕል ቀና ብለን አየን። በጎቹ ነጭ ናቸው፤ እረኛው ብርሃን ለብሷል፤ ተኩላው ግን ጥቁር ነው፤ ዐይኑ እሳት ይመስላል፤ ጥርሱ ከአፉ ይረዝማል። ያ ልጅ መልሱን ያመጣው ከቤቱ አይደለም። እኛው ነን ያስተማርነው።

ወገኖቼ፣ ነገሩ የሕፃን ቀልድ ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት የሚታየውንም የማይታየውንም የፈጠረ አንድ አምላክ መሆኑን እንመሰክራለን። ከሚታየው መካከል አንዱን ፍጥረት እንኳ ለሌላ ፈጣሪ ከሰጠን ያን ምስክርነት አፍርሰናል። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማኒ የተባለው መናፍቅ ዓለምን ለሁለት ከፍሎ፣ ብርሃኑ ከመልካሙ፣ ግዙፉና ጨለማው ከክፉው ነው ብሎ ሲያስተምር አባቶቻችን ያወገዙት ስለዚህ ነው። እኛ ሳናውቀው የማኒን ትምህርት በቀለም ሥለን ለሕፃናት ሰቅለን ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ተኩላ እንነጋገራለን። እናንተም ለልጆቻችሁ፣ አብራችሁ ላሉትም በሀገር ቤት ከአያታቸው ጋር ለቀሩትም፣ እንድትነግሩልን ነው።

፩. ምሳሌው ሌላ፣ እንስሳው ሌላ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ሐሰተኞች ሲያስጠነቅቅ በውስጣቸው ተኩላዎች መሆናቸውን ተናግሯል። ቅዱስ ጳውሎስም የኤፌሶንን ቀሳውስት ሲሰናበት በመንጋው ላይ ስለሚነሡ ተኩላዎች ነግሯቸዋል። ይህ ትምህርት እውነት ነው፤ እኛ ደግሞ በስደት በደንብ እናውቀዋለን። ለምድ ለብሶ መጥቶ ፓስፖርታችንን የወሰደው፣ «እኅቴ» እያለ የላባችንን ዋጋ የበላው ደላላ ባለ ሁለት እግር ነበር። በጫካ የሚኖረው ባለ አራት እግሩ ግን ለምድ ለብሶ አያውቅም። ማንንም አታልሎ አያውቅም። የሆነውን ሆኖ ነው የሚታየው።

ልብ በሉ፤ መጽሐፍ አንዱን እንስሳ ለተለያየ ምሳሌ ይወስደዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ ዲያብሎስን በሚያገሣ አንበሳ መስሎታል፤ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ራሱ ክርስቶስ ነው። እባብ ሔዋንን ያሳተበት ነው፤ ጌታ ግን ለደቀ መዛሙርቱ ብልህነትን ከእባብ እንዲማሩ ነግሯቸዋል። ተኩላም እንዲሁ ነው። ያዕቆብ ልጆቹን ሲባርክ ብንያምን የሚነጥቅ ተኩላ አለው፤ ጠዋት የሚያድን፣ ማታ ምርኮውን የሚያካፍል። ከብንያም ነገድ ሳውል ተወለደ። በጠዋቱ ቤተ ክርስቲያንን አሳደደ፤ በማታው ለአሕዛብ የሕይወትን እንጀራ አካፈለ። አባቶች ይህን ቃል ለቅዱስ ጳውሎስ ተርጉመውታል።

ኃጢአት የሚሠራው ፈቃድ ያለው ነው። ተኩላ ሲርበው ያድናል፤ ሲጠግብ ይተኛል። ቂም አይዝም፤ ጎተራ ሞልቶ ሌላውን አያስርብም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 የምድር አራዊት በስድስተኛው ቀን ተፈጠሩ፤ ፈጣሪም መልካም እንደሆኑ አየ። ሰውም የተፈጠረው በዚያው ቀን ነው። በኖኅ መርከብም ተኩላው ከነጥርሱ ገብቷል። እግዚአብሔር ሊያጠፋው ቢወድ ኖሮ ውጭ በተወው ነበር።

፪. ሥራው ምንድን ነው?

ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 አራዊት በሌሊት ወጥተው ምግባቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚፈልጉ፣ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ጎሬያቸው እንደሚገቡ፣ ያኔ ሰው ወደ ሥራው እንደሚወጣ ይነግረናል። እዩ፤ ሁለት ፈረቃ ነው። የእነርሱም የእኛም ሥራ በአንድ ጌታ ፊት ተጽፏል። ታዲያ የተኩላ ሥራ ምንድን ነው?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በምንኖርበት በመካከለኛው ምሥራቅ በረሓም አነስ ያለ ተኩላ አለ፤ የራሳችን ግን ከሁሉ ይቀርበናል። በአማርኛ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው ይላሉ። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። የሚኖረው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርዳማ ደጋ ነው፤ በስሜን፣ በላሊበላ አናት ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በአርሲ፣ ከሁሉም በላይ በባሌ። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይም ነበር፤ አሁን ከዚያ ጠፍቷል። ጠቅላላ ቁጥራቸው ዛሬ ከ500 ገደማ አይበልጥም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው።

ምግቡስ? በባሌ ከሚበላው ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው። የደጋው መሬት በአይጥና በፍልፈል የተሞላ ነው። ሣሩን ይበላሉ፤ ሥሩን ይቆፍራሉ፤ አፈሩን ይገለብጣሉ። እነርሱም ክፉ አይደሉም፤ አፈሩን ያናፍሳሉ። ግን የሚበላቸው ባይኖር ልክ የላቸውም። ቀይ ቀበሮው ከጭልፊቱና ከንስሩ ጋር ሆኖ ልክ ይሰጣቸዋል። ከባሌ ተራሮች ዋቤ ሸበሌና ገናሌን የሚመግቡ ወንዞች ይወርዳሉ፤ ያ ውኃ የሚጠራቀመው ሣርና ቁጥቋጦ በለበሰው ደጋ ላይ ነው። የእግዚአብሔር ቤት ብዙ ሠራተኛ አለው፤ አይጥ የሚቆጥረውም አንዱ ነው።

ሠራተኛው ሲባረር ምን እንደሚሆን ደግሞ አሜሪካኖች ቀምሰውታል። የሎውስቶን በተባለው ትልቅ ፓርካቸው ውስጥ የነበሩትን ተኩላዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1926 ድረስ ገድለው ጨረሷቸው። ትልልቆቹ አጋዘኖች በዙ፤ በወንዝ ዳር የሚበቅለውን ለጋ አኻያ እየቀነጠቡ አላሳድግ አሉት። በ1995 እና በ1996 31 ተኩላዎች ከካናዳ አምጥተው መልሰው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ አኻያው በብዙ ቦታ አንገቱን ቀና አደረገ። ከለውጡ ስንቱ በተኩላው ምክንያት እንደመጣ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ፤ ቢሆንም ገድለው የጨረሱትን ፍጥረት በገንዘባቸው መልሰው ማምጣታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ሰው የባለቤቱን ዕቃ ሳይጠይቅ ከቤት ያወጣል፤ ኋላ ደግሞ ይፈልገዋል።

፫. በየብቻቸው ይሠራሉ፣ በአንድነት ያድራሉ

ሰሎሞን ሰነፉን ወደ ገብረ ጉንዳን ሄዶ እንዲማር ልኮታል። እኛም ዛሬ ወደ ቀይ ቀበሮ እንሂድ።

ቀይ ቀበሮ እንደ ሌሎች ተኩላዎች በመንጋ አያድንም። ምግቡ ትንንሽ ስለሆነ ቀኑን እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማራል። አንዱ በዚያ ሸንተረር፣ ሌላው በዚህ ረግረግ፣ በየፊናው ሲደክም ይውላል። ንጋትና ምሽት ላይ ግን ይገናኛሉ። ይሸታተታሉ፤ ይላፋሉ፤ የክልላቸውን ዳርቻ አብረው ይዞራሉ። ሲመሽም በውርጩ ውስጥ ተጠጋግተው፣ ጅራታቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ያድራሉ።

እኅቶቼ፣ ይህ የማን ሕይወት ይመስላል? ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዳችን በየሰው ቤት ለብቻችን ነን። ቋንቋችንን የሚሰማን የለም። በዕረፍት ቀን ነጠላችንን አጣፍተን ስንገናኝ ግን እንተቃቀፋለን፤ ማን እንደቀረ እንቆጥራለን፤ የቀረችው ታማ ይሆን፣ ተከልክላ ይሆን ብለን እንጠያየቃለን። ያን መጠያየቅ እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ብርዱን የምናልፍበት እርሱ ነው።

ደግሞ ይህን ስሙ። በቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ናት፤ የሚያሳድገው ግን ሁሉም ነው። ያልወለዱት ለቡችሎቹ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ፤ እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ጎሬውን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴም ሌላ እንስት ጡት ትሰጣቸዋለች። ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች እኅት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። «ልጄን ጥዬ መጣሁ» እያላችሁ በሌሊት የምታለቅሱ አላችሁ። ርቀቱ እውነተኛ ስለሆነ አታልቅሱ አንልም። ግን አልጣላችኋቸውም። ምግብ ፍለጋ ወጥታችኋል፤ ጎሬውን የሚጠብቁት ደግሞ እማማና አክስት ናቸው። በሚቀጥለው ስትደውሉ ከብሩ በፊት ለእነርሱ ምስጋና ላኩላቸው።

፬. ከጭላዳው ጋር

በመንዝ ጓሳ ተመራማሪዎች ያዩትን ደግሞ እንንገራችሁ። በዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶዎች ሆነው ሣር ይግጣሉ። ቀይ ቀበሮው በመካከላቸው ቀስ ብሎ ይገባል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ ልጆቻቸው በአጠገቡ ናቸው። እርሱም አይነካቸውም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ገደማ ይሳካለት ነበር፤ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን ከመቶ 67ቱ ተሳካለት። አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። ጭላዳዎቹ ተነሥተው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ በኋላም ሊመለስ ሲል ከለከሉት።

ሰላሙ የቆመው በመታገሥ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 ተኩላ ከበግ ጠቦት ጋር የሚያድርበትን ዘመን አይቷል። ያ ዘመን በክርስቶስ ይፈጸማል። የእርሱን ጭላንጭል ግን በመንዝ ሜዳ ላይ አሳይቶናል። አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አንበሳና በ60 ነብር ታጅበው በሥዕላቸው የሚታዩትም ለዚህ ነው። ቅድስና ያለበት ሰው ፊት አራዊቱ ጠላት አይደሉም።

፭. ታዲያ ማን ነው የሚያጠፋቸው?

እዚህ ላይ ራሳችንን እንይ። እርሻና ግጦሽ በየዓመቱ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ቦታቸው ይጠብባል። የባሰው ግን በሽታ ነው፤ እርሱም ከጫካ አልመጣም። ከሰው ጋር የሚወጡት ያልተከተቡ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ያስተላልፉባቸዋል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በዚህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎች አልቀዋል። ተኩላ ከተራራ መጥቶ ያጠፋናል ስንል ኖርን፤ ጥፋቱ ከእኛ ደጅ ወጥቶ ወደ ተራራው ሄደ። ጌታም ሰውን የሚያረክሰው ከውስጥ የሚወጣው መሆኑን ነግሮን አልነበረም?

ያው በሽታ ልጆቻችንንም ይገድላል። ስለዚህ ከዚህ ስብከት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ወደ ገጠር የምትደውሉ ሁሉ «ውሻው ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተከተበ ከምትልኩት ላይ ለእርሱ መድቡ። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ጸበሉንም ይጠመቅ፤ ክትባቱ ግን አይዘግይ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። እግዚአብሔር በጸበልም በሐኪምም እጅ ይሠራል። አንድ ውሻ ስታስከትቡ ልጁንም ተራራውንም ጠበቃችሁ።

አባቶቻችን ይህን ጥበብ ያውቁታል። የመንዝ ሰዎች የጓሳውን ምድር ለ400 ዓመታት ያህል በራሳቸው ሕግ ጠብቀዋል። ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ በሥርዓት ያጭዱታል። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ ያለው በዚያ መታገሥ ነው። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር፤ እነርሱ የአዳምን ሥራ ሠሩ። ዛሬ ደግሞ ባለሙያዎች በባሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ለቀበሮዎቹ እየጣሉላቸው ነው።

፮. ለልጆች እንዴት እንንገራቸው?

«አያ ጅቦ መጣልህ» እያልን ማስተኛቱን እንተው። ፈርቶ የተኛ ልጅ እግዚአብሔር የፈጠረውን ዓለም ይፈራል። ግን አንዋሻቸውም። ተኩላ የቤት ውሻ አይደለም፤ አይቀርቡትም፤ አንዳንዴ የበግ ግልገል ይወስዳል፤ በግ የምትጠብቅ አያት መቆጣቷ አግባብ ነው። እረኛ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መልካሙ እረኛ ተኩላን ስለጠላ አይደለም የሞተው፤ በጎቹን ስለወደደ ነው።

በሀገር ቤት ልጅ ያላችሁ ይህን በድምፅ ቅዱና ማታ ላኩላቸው፦

«ልጄ፣ ከእኛ ሀገር በቀር የትም የሌለ አውሬ አለ። ቀይ ነው፤ እግሩ ረዥም ነው፤ ስሙ ቀይ ቀበሮ ነው። እግዚአብሔር ተራራውን ጠብቅ ብሎ ሰጥቶታል። ቀን ለብቻው አይጥ ሲያድን ይውላል። ባሌ ውስጥ እንደ ችቦ የቆመ ቀይና ቢጫ አበባ አለ፤ የእረኛ ልጆች ማሩን ይልሱታል። ቀይ ቀበሮውም ይልሰዋል፤ አፍንጫው በአበባ ብናኝ ቢጫ ይሆናል። ሲመሽ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ቡችሎቹን ሁሉም ይጠብቋቸዋል። አንቺንም እማማ ትጠብቅሻለች፤ ሁላችንንም እግዚአብሔር ይጠብቀናል። አሁን አማትቢና ተኚ።»

ባለፈው ሳምንት ወደ ሕፃናቱ ተመልሰን ቃላችንን ፈጸምን። የድሮውን ሥዕል አወረድን። «ተኩላውን የፈጠረው በጉን የፈጠረው ነው» አልናቸው፤ የቀይ ቀበሮንም ታሪክ ነገርናቸው። ጠያቂዋ ልጅ ዝም ብላ ሰማች። «ሰይጣን ነው» ያለው ልጅ ግን ስለ ክትባቱ ስንናገር እጁን አወጣና «መርፌው አያማቸውም?» አለን። በሥጋ ውስጥ ስለሆነ እንደማያማቸው ስንነግረው ደስ አለው። ለሚፈራው አውሬ ማዘን ጀምሯል። እኛም ከእርሱ ጋር ተማርን።

ጸሎት

አቤቱ አምላካችን ሆይ፣ ለሁሉ ምግቡን በጊዜው የምትሰጥ አንተ ነህ። በየሰው ቤት ለብቻቸው የሚደክሙትን ልጆችህን ሰብስብ። ከእናታቸው የተለዩትን ሕፃናት በክንፍህ ጋርዳቸው፤ የሚያሳድጓቸውን አረጋውያን ዕድሜ ስጣቸው። ለምድ ከለበሰ ሰው አድነን፤ እኛንም ለምድ ከመልበስ ጠብቀን። የሀገራችንን ተራሮች ከነፍጥረታቸው ባርክ። በእናትህ በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎት ማረን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር።

ይህን ትምህርት በገጠር ቤተሰብ ላላት እኅት ሁሉ አድርሱልን።